ጌም ላይ የሚጸና፣ ሥራ ሲፈታ የሚደርቅ ኮምፒውተር

የመክፈቻው ጽሑፍ

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ አንድ ሰው ስለ ኮምፒውተሩ ጠየቀ፣ ብዙዎችም ሥሩ መልስ ጻፉለት። ጠያቂው ያመጣው ችግር ብዙዎቻችን የምናውቀው ዓይነት ነው። ደስክቶፕ ኮምፒውተሩ በድንገት ድርቅ ይላል። ማውዙ አይንቀሳቀስም፣ ኪቦርዱ አይሠራም። ድምፅ ተከፍቶ ከነበረ አንዷን ቁራጭ እየደጋገመ ይጮሃል። አንዳንዴ ደግሞ ሳያስጠነቅቅ ጠፍቶ ራሱን ሪስታርት ያደርጋል። ዊንዶውስ ሲወድቅ የሚያሳየውን ሰማያዊ ስክሪን ግን አይቶ አያውቅም። ፎርማት አድርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ጭኗል፣ ድራይቨሮቹን አድሷል፣ ቫይረስ ፈትሿል። ለውጥ የለም። ኢቬንት ቪወርን፣ የዊንዶውስን የክስተት መዝገብ፣ ከፍቶ ያገኘው ብቸኛ ነገር ከርነል ፓወር 41 የሚል ቀይ ምልክት ነው። ማሽኑ የኤኤምዲ ኩባንያ ራይዘን ሲፒዩ (ዋናው ማስሊያ)፣ ሁለት ራም፣ አንድ ግራፊክስ ካርድና አንድ ኤስኤስዲ አለው። የተገጣጠመው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። የጠየቀውም ባጭሩ የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ ነው።

ጽሑፉ ሊያልቅ ሲል እንደ ዋዛ የገባች አንዲት መስመር አለች። ከባድ ጌም ለሰዓታት ሲጫወት ማሽኑ ምንም አይሆንም። የሚደርቀው ሰውየው ቁጭ ብሎ ጽሑፍ ሲያነብ ወይም ክፍቱን ትቶት ሲነሳ ነው። ክሩን፣ ማለትም ጥያቄውንና መልሶቹን፣ ከነቁጥሩ ላወራላችሁ የፈለግኩት በዚህች መስመር የተነሳ ነው። ከአስር በላይ መልስ እስኪጻፍ ድረስ ልብ ያላት ሰው አልነበረም።

መልስ 1

ጨዋ ሰው ነው የጀመረው። ሰላምታውን አስቀድሞ የዕቃዎቹን ሙሉ ዝርዝር ጠየቀ። የማዘርቦርዱን ሞዴል፣ የባዮሱን (ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ቨርዥን፣ የራሙን ፍጥነት፣ የፓወር ሰፕላዩን (ለዕቃዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሣጥን) ዋትና ዕድሜ። ጠያቂው ወዲያው መለሰለት። ሁሉንም ጻፈ፣ የፓወር ሰፕላዩን ዋት ጭምር። ዕድሜውን ግን ዘለለው። ይህንንም ልብ ያለ አልነበረም።

መልስ 2

ፓወር ሰፕላዩ ነው፣ ይቀየር። ይኸው ነው መልሱ። ለምን እንደሆነ አልጻፈም። ይህን ሰው አስታውሱት፣ ይመለሳል።

መልስ 3 እና 4

ሦስተኛው ዊንዶውስን በንጹሁ መጫን እንደሚበጅ መከረ። አራተኛው ተቆጣ። ጠያቂው ፎርማት እንዳደረገ በግልጽ ጽፎ እያለ ሳያነቡ መምከር የሰው ጊዜ ማባከን ነው አለ። ቁጣው ትንሽ በዝቷል። ግን ተገቢ ነበር። አንድ ማሽን በንጹህ ዊንዶውስም፣ ከፍላሽ በተነሳ ሊነክስ በተባለ ሌላ ሲስተምም እኩል የሚደርቅ ከሆነ ሶፍትዌር ላይ መድከም ትርጉም የለውም። በፍላሽ የሚነሳ ሊነክስ መሞከር የሚለውን ሐሳብ ያነሳውም ይኸው የተቆጣው ሰው ነው። ዲስኩ ላይ ምንም ስለማይነካ ለመጀመሪያ ምርመራ ይመቻል። ጠያቂው በኋላ ሞክሮት እዚያም እንደደረቀ ነግሮናል።

መልስ 5

ከዚህ በኋላ ወሬው ቁም ነገር ያዘ። አምስተኛው ስለ ከርነል ፓወር 41 አስረዳ። ይህ መዝገብ የሚጻፈው ኮምፒውተሩ ሲወድቅ ሳይሆን ተመልሶ ሲነሳ ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ ባለፈው ጊዜ በሥርዓት እንዳልተዘጋ ያያል፣ የሚመዘግበውም ያንኑ ብቻ ነው። ቀብር ላይ የደረሰ ለቀስተኛ በሉት። ሰውየው መሞቱን ያውቃል፣ ምን እንደገደለው ግን አያውቅም። ስሙ ውስጥ ፓወር የሚል ስላለ ብቻ ፓወር ሰፕላዩ ላይ የሚፈርዱ ሰዎች እዚህ ላይ ነው የሚሳሳቱት።

ቀጠለና ጠያቂው የመዝገቡን ዝርዝር ገጽ ከፍቶ በግቼክ ኮድ የሚለውን መስመር እንዲያይ ነገረው። ቁጥሩ ዜሮ ካልሆነ ሰማያዊ ስክሪን ተከስቷል ማለት ነው። ሰውየው ባያየውም እንኳ። እዚያ የሚታየው ቁጥር በአስር ቤት የተጻፈ በመሆኑ በአስራ ስድስት ቤት ከሚታወቁት ኮዶች ጋር አይመሳሰልም። 292 የሚል ካለ 124 ተብሎ የሚታወቀው የሃርድዌር ስህተት ኮድ ነው። ዜሮ ከሆነ ግን ዊንዶውስ አንድም ነገር ለመጻፍ ዕድል አላገኘም። የጠያቂው ዜሮ ነበር።

ከክሩ ሁሉ ለጀማሪ አንድ መልስ ብቻ አስነብብ ብባል ይህን ነው የምመርጠው።

መልስ 6

ስድስተኛው ለአምስተኛው ምስጋና አቅርቦ እርማት ጨመረ። ዜሮ ማለት ሁልጊዜ መብራቱ ተቋረጠ ማለት አይደለም። ማሽኑ ደርቆ ሰውየው ራሱ የፓወር ቁልፉን ተጭኖ ካጠፋውም ያው 41፣ ያው ዜሮ ይመጣል። ልዩነቱ እዚያው ዝርዝር ላይ ይታያል። የፓወር ቁልፉ የተነካበትን ሰዓት የሚያሳይ መስመር አለ። ዜሮ ካልሆነ ያጠፋው ሰው ነው፣ ስለዚህ የምንፈልገው የመድረቁን መንስኤ ነው። ይህ ሰው ሌላም ጥሩ ነገር ጠቆመ። ደብሊው ኤች ኢ ኤ ሎገር የሚሉ መዝገቦች ካሉ ይፈለጉ አለ። ሲፒዩው ራሱ ያጋጠመውን የሃርድዌር ስህተት የሚናገረው እዚያ ነው። 18 ቁጥር ካለ ማሽኑን የጣለ ከባድ ስህተት ነው። 19 ቁጥር ደግሞ ተገኝቶ የታረመ ነው፣ ግን ሲደጋገም ማስጠንቀቂያ ነው። ጠያቂው ፈልጎ ምንም አላገኘም።

መልስ 7

እዚህ ራም ገባ። የሰባተኛው ታሪክ ረዘም ያለ ነው፣ ቢሆንም አይሰለችም። የእሱ ኮምፒውተር መጀመሪያ የወደቀው ሳይሆን የዋሸው ነበር። የተጨመቁ ፋይሎች ተበላሽተዋል እያሉ እምቢ ይሉታል። እንደገና ያወርዳቸዋል፣ አሁን ይከፈታሉ። ብራውዘሩ ገጾቹን ይዘጋበታል። ከዚያ ሰማያዊ ስክሪን መጣ፣ በየጊዜውም ኮዱ የተለየ ነበር። አንዴ የሜሞሪ አስተዳደር፣ አንዴ የፋይል ሲስተም፣ አንዴ የድራይቨር። ይህ መለዋወጥ ራሱ ምልክት ነው ይላል፣ እኔም እስማማለሁ። የተበላሸ ድራይቨር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ስህተት ነው የሚደጋግመው። የተበላሸ ራም ግን እዚያች ቦታ ላይ የተቀመጠውን ሁሉ ነው የሚያበላሸው፣ ስለዚህ ተወቃሹ በየቀኑ ይቀያየራል።

ሜምቴስት 86 የተባለውን የራም መፈተሻ ፍላሽ ላይ ጭኖ አስነሳው። ስህተት ወጣ። ራሞቹን አንድ በአንድ ሲፈትሽ ግን ሁለቱም ንጹህ ሆኑ። አንድ ላይ ሲገቡ ብቻ ነው የሚሳሳቱት። ምክንያቱ ባዮስ ውስጥ የተከፈተው ኤክስኤምፒ፣ ራሙን የሚያፈጥነው ምርጫ፣ ነበር። ራሞቹ ላይ 3600 ተብሎ ተጽፏል፤ የዲዲአር 4 ይፋዊ መለኪያ ግን 3200 ላይ ያበቃል። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ማፍጠን ነው። ማፍጠኑን የሚሸከመው ደግሞ ራሙ ብቻ ሳይሆን ሲፒዩው ውስጥ ያለው የሜሞሪ መቆጣጠሪያም ጭምር ነው። ስለዚህ ዕቃ ከመቀየር በፊት ኤክስኤምፒን መዝጋት። ሁለት ራም ከሆነ ደግሞ አራት ቀዳዳ ባለው ማዘርቦርድ ላይ ብዙውን ጊዜ ከሲፒዩው ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ መሰካት። መመሪያው ላይ ተጽፏል፣ ማንም አያነበውም።

መልስ 8

ጠያቂው ተመለሰ። ኤክስኤምፒን ዘግቶ ሜምቴስትን ሌሊቱን ሙሉ አስኬደው። አንድም ስህተት የለም። ጠዋት ዊንዶውስ ውስጥ ገባ፣ ቡና ሳይጠጣ እንደገና ደረቀ።

መልስ 9 እና 10

ዘጠነኛው ሜምቴስት ማለፍ ራሙን ነጻ አያወጣውም ብሎ ተነሳ። ስህተት ከተገኘ ራሙ ወይም በዙሪያው ያለው ነገር ጥፋተኛ ነው፣ ካልተገኘ ግን የተረጋገጠ ነገር የለም። እስከዚህ ልክ ነው። ከዚያ ግን ጎግል በ2009 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ያወጣውን ጥናት ጠቅሶ፣ በዓመት ውስጥ ከ8 በመቶ በላይ የሚሆኑት የራም ሞጁሎች ስህተት እንዳሳዩ በመጥቀስ የጠያቂውም ራም ነው ወደሚል ድምዳሜ ዘለለ።

አሥረኛው አላለፈውም። ጥናቱ የተሠራው ቀንና ሌሊት በሚሠሩ ሰርቨሮች ላይ ነው። ስህተቶቹም ኢሲሲ በተባለው የማረሚያ ዘዴ የተያዙ ናቸው። ከዚያ ተነስቶ የአንድን ሰው ደስክቶፕ መመርመር አይቻልም። ይህን በትሕትና ቢናገረው ጥሩ ነበር። ሳይገባህ ቁጥር አትጥቀስ ወደሚል ቃና ሄደ፣ ዘጠነኛውም በዚያው ጠፋ። ቢቆይ ይጠቅም ነበር፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው ሐሳቡ ትክክል ነው።

መልስ 11

ሙቀት። አቧራ ይጽዳ፣ ቴርማል ፔስት ይቀየር፣ የሲፒዩው ማቀዝቀዣ አራቱም እግሮቹ መያዛቸው ይታይ። ጥሩ ምክር ነው፣ ለሌላ ሰው። ከባድ ጌም ለሰዓታት ችሎ ጽሑፍ ሲነበብ በሙቀት የሚወድቅ ማሽን አይኖርም። የዛሬ ሲፒዩ ሲሞቅ መጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል። የሚጠፋው ያም ካልበቃ ነው። የራይዘን 7000 ትልልቆቹ ሲፒዩዎች ደግሞ በከባድ ሥራ ላይ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲደርሱ ሆነው ነው የተሠሩት፣ ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አይቶ መደንገጥም አያስፈልግም።

መልስ 12

ለረጅም ዓመታት በጥገና ሥራ ላይ የቆዩ ሰው ናቸው። መድረኩ ላይ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። ብዙ አይጽፉም። ሲጽፉ ግን መጀመሪያ የመክፈቻውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ያነባሉ። ያቺን የመጨረሻ መስመር ያዩት እሳቸው ናቸው። የትኛው ዕቃ ነው ከማለት በፊት መቼ ነው የሚወድቀው ማለት እንደሚገባ ጻፉ።

ከዚያ ልምዳቸውን ዘረዘሩ። ከባድ ሥራ ላይ ገመዱ እንደተነቀለ ያህል ቀጥ ብሎ የሚጠፋ ማሽን ወደ ፓወር ሰፕላይ ወይም ወደ ሙቀት ይጠቁማል። የዛሬ ግራፊክስ ካርዶች ለቅጽበት ከተጻፈላቸው ዋት በጣም በላይ ይስባሉ፣ ደካማ ፓወር ሰፕላይም ራሱን ለመከላከል ይዘጋል። ከባድ ሥራ ላይ ስክሪኑ ጠቁሮ ወይም ነጠብጣብና መስመር አውጥቶ ፋኑ የሚጮህ ከሆነ ግራፊክስ ካርዱ ይታይ። ዊንዶውስ ካርዱ በ2 ሰከንድ ውስጥ ካልመለሰለት ድራይቨሩን እንደገና ለማስነሳት ይሞክራል። ስለዚህ ለአፍታ ጠቁሮ የሚመለስ ስክሪን አንድ ፍንጭ ነው። ለብዙ ሰከንድ ደርቆ ከዚያ እንደገና የሚቀጥል ከሆነ ዲስክ ወይም ኬብል ነው። ኬዙ ሲነካ ወይም ጠረጴዛው ሲነቃነቅ የሚወድቅ ከሆነ የላላ ነገር አለ፣ ወይም ማዘርቦርዱ ከኬዙ ብረት ጋር የማይገባው ቦታ ላይ ተነካክቷል።

ሥራ ሲፈታ የሚደርቅ ግን ሌላ ቤተሰብ ነው። ሲፒዩ ሥራ ሲያጣ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ክፍሎቹን እያጠፋ ወደ ጥልቅ እንቅልፍ ይገባል፣ ሲ6 የሚባለው ደረጃ ይህ ነው። ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ከፓወር ሰፕላዩ የሚስበው ጉልበት እጅግ ያንሳል። ማውዝ ሲነካ ደግሞ በቅጽበት ይነቃል። ይህ መውረድና መውጣት በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ጌም ላይ ግን ሲፒዩው አይተኛም። ስለዚህ በጌም የጸና ማሽን ደኅና ነው ማለት አይደለም፣ የተፈተነው በአንድ በኩል ብቻ ነው።

መልስ 13

ጠያቂው በደስታ መለሰ። ልክ ነው ጋሼ አለ። ጭራሽ ኮምፒውተሩ እንዳይደርቅበት ከጀርባ ቪዲዮ ከፍቶ መተው እንደለመደ ጻፈ። ቪዲዮው እየሄደ እያለ አይወድቅም። ይህን መጀመሪያውኑ ቢጽፈው ኖሮ ክሩ ባጠረ።

መልስ 14 እስከ 17

እዚህ ላይ ክሩ ከመንገድ ወጣ። 14ኛው የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ሲፒዩዎችን ጉዳይ አነሳ። ታሪኩ እውነት ነው። ኢንቴል በ2024 እ.ኤ.አ. ሲፒዩዎቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ ይጠይቁ እንደነበር ገልጾ የማይክሮኮድ (የሲፒዩው የውስጥ መመሪያ) ማሻሻያ አወጣ፣ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። ማሻሻያው ጉዳቱን ይከላከላል እንጂ የተጎዳውን ሲፒዩ አያድነውም። ለባለ ኢንቴሎች ትልቅ ቁም ነገር ነው። ጠያቂው ግን ራይዘን ነው ያለው፣ 15ኛው ይህንኑ አሳሰበ።

16ኛው ይህን ሰበብ አድርጎ የራይዘን ሰዎች ችግር የለብንም እንደሚሉ፣ የመጀመሪያው ትውልድ ራይዘን ግን ሥራ ሲፈታ በመድረቅ ይታወቅ እንደነበር ጻፈ። መናደፊያ ብሎ የጻፈው ለጠያቂው ከሁሉም የቀረበ ፍንጭ ሆነ። 17ኛው ግን ፍንጩን ትቶ ስድቡን አነሳ፣ ከዚያ የትኛው ኩባንያ ይሻላል የሚል ጭቅጭቅ ተነሳ። አላወራላችሁም። አወያዩ ገብቶ ጥቂት መልሶችን ሰረዘ፣ ቁጥሩም ለዚህ ነው በኋላ የሚዘልለው።

መልስ 20

አንድ ሌላ አንጋፋ በ2000ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ስለነበረው የካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ) ወረርሽኝ አወራ። በዚያ ዘመን ብዙ ማዘርቦርዶች ላይ የነበሩ ካፓሲተሮች ጭንቅላታቸው ያብጣል፣ ቡናማ ፈሳሽ ያወጣሉ። ኮምፒውተሩም መጀመሪያ አልፎ አልፎ፣ ከዚያ በየሰዓቱ ይደርቃል። ሰውየው እያወጣ በአዲስ እየበየደ ብዙ ማሽን አድኗል። የዛሬ ማዘርቦርዶች ላይ ያሉት አብዛኞቹ ፈሳሽ የሌላቸው ናቸው፣ ስለዚህ እብጠት ፈልጎ ማግኘት ብርቅ ሆኗል። ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ግን ፈሳሽ ያላቸው እስካሁን አሉ፣ ከዓመታት ሙቀት በኋላም ይደርቃሉ። ይህን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ሲጽፍ ወደ ጉዳዩ እየመለሰን መሆኑን ያወቀ አይመስለኝም።

መልስ 21 እና 22

ጋሼ ተመልሰው የሚሞከረውን ነገሩት። ባዮስ ውስጥ ፓወር ሰፕላይ አይድል ኮንትሮል የሚል ምርጫ አለ። ታይፒካል ከረንት አይድል በሚለው ላይ ይደረግ። ይህ ሲፒዩው ሥራ ሲፈታ ጉልበት መሳቡን ያን ያህል እንዳይቀንስ ያደርገዋል። ሌላ ምንም ነገር አብሮ እንዳይነካም አጥብቀው አሳሰቡ። ሁለት ነገር ባንዴ የቀየረ ሰው የቱ እንደሠራለት አያውቅም።

ጠያቂው ቀየረ፣ ቪዲዮውን ዘጋ፣ ማሽኑን ክፍቱን ተወው። አልደረቀም። በማግስቱም፣ በሳምንቱም። ብዙዎች እንኳን ደስ አለህ ብለው ሊሰናበቱ ነበር።

መልስ 23

ይህን ሰው ወድጄዋለሁ። ደስታውን አቀዘቀዘ። ምርጫው ምልክቱን ደበቀ እንጂ የተበላሸውን አላገኘም አለ። ሦስት ተጠርጣሪ ቀርቷል። አንደኛ፣ ከርቭ ኦፕቲማይዘር በሚባለው የባዮስ ምርጫ ሰው የሲፒዩውን ቮልቴጅ ቀንሶ ከሆነ። ይህ በከባድ ሥራ አልፎ ሥራ ሲቀል መውደቁ የተለመደ ነው፣ ምክንያቱም ሲፒዩው አንድ ኮር ብቻውን ከፍተኛ ፍጥነት ላይ የሚወጣው ያኔ ነው። ሁለተኛ ሲፒዩው ራሱ። ሦስተኛ ፓወር ሰፕላዩ። ጠያቂው ባዮሱን ከጅምሩ ነክቶት እንደማያውቅ መለሰ። ሁለት ቀረ።

መልስ 24

አንድ ሰው ወደ መልስ 1 ተመልሶ ያልተመለሰችውን ጥያቄ አነሳት። ፓወር ሰፕላዩ ስንት ዓመቱ ነው? ጠያቂው ትንሽ ቆይቶ መለሰ። ማሽኑን ከሦስት ዓመት በፊት ሲገጣጥም ኬዙንና ፓወር ሰፕላዩን ከድሮው ኮምፒውተሩ ነው የወሰደው። ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሆነው አይቀርም። ይሠራ ስለነበር አልቀየረውም።

ከዚህ በኋላ የተጻፈው ማብራሪያ የጋሼ ነው፣ ከክሩ ሁሉ የጠለቀውም እሱ ነው። የድሮ ርካሽ ፓወር ሰፕላዮች 12 ቮልቱንና 5 ቮልቱን በአንድ ላይ ነው የሚቆጣጠሩት። አንደኛው መስመር ላይ ጭነት ሲወርድ ሌላው ላይ ካለ፣ ሚዛኑን ለመጠበቅ ሲሞክር የወረደበትን መስመር ከልክ ያስወጣዋል። ሲፒዩው የሚመገበው ከ12 ቮልቱ ነው። በድሮ ጊዜ ሲፒዩ ሥራ ቢፈታም የሚስበው ቀላል የማይባል ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢንቴል ሃስዌል ግን በጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ከ12 ቮልቱ እስከ 0.05 አምፔር ድረስ ሊወርድ ይችል ነበር፣ ማለትም ከአንድ ዋት በታች። ያኔ የፓወር ሰፕላይ አምራቾች የትኛው ሞዴላቸው ይህን እንደሚችል ዝርዝር እስከማውጣት ደረሱ። ራይዘን ላይ ያለው የአይድል ምርጫ የተቀመጠውም እንዲህ ላሉ ፓወር ሰፕላዮች ነው። በዚያ ዘመን የነበረው ኤቲኤክስ የተባለው የፓወር ሰፕላይ መለኪያ 12 ቮልቱ ከ11.4 እስከ 12.6 ባለው ውስጥ እንዲቆይ ይጠይቅ ነበር። ከዚያ ሲወጣ ማሽኑ ይደርቃል፣ ወይም ፓወር ሰፕላዩ ራሱን ይዘጋል። የጠያቂው ማሽን ሁለቱንም ያደርግ ነበር።

መልስ 25 እና 26

25ኛው በቴስተር እንዲለካ መከረ። 24 ፒኑ ላይ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር በማገናኘት ፓወር ሰፕላዩን ለብቻው ማስነሳት እንደሚቻልም ጨመረ። 26ኛው አስተካከለው። እንዲህ ማስነሳት የሚነግረን ሙሉ በሙሉ እንዳልሞተ ብቻ ነው። ቴስተሩም የሚያሳየው አማካዩን ነው። ለሰከንድ ሽራፊ የሚዘልለውን ቮልቴጅ አያይም። ቴስተሩ 12.1 እያለ ማሽኑ ሊወድቅ ይችላል። ደኅና ከሆነ ፓወር ሰፕላይ ጋር ቀይሮ ማየት ይሻላል። ሁለት ማስጠንቀቂያም አከለ። ሣጥኑን መክፈት አይገባም፣ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች አደገኛ ቮልቴጅ ይይዛሉ። ኬብሎቹ የሚነቀሉ ዓይነት ከሆኑ ደግሞ የአንዱን ኬብል ለሌላው መጠቀም ክልክል ነው። ሶኬቱ ቢገጥምም የሽቦዎቹ አደራደር ይለያያል። ይህን ሳያውቅ ዲስኮቹን ያቃጠለ ሰው እንዳለ ጻፈ፣ ሰውየው ራሱ ሳይሆን አይቀርም።

መልስ 27

ጠያቂው ከጓደኛው አዲስ ፓወር ሰፕላይ ተዋሰ። ከነኬብሉ። የባዮሱን ምርጫ ወደነበረበት መለሰ፣ ቪዲዮ ሳይከፍት ተወው። አልደረቀም። የድሮውን መልሶ ሲሰካ ደረቀ። እንዲህ ወዲያና ወዲህ ማድረጉ ነው ያስመሰገነው፣ ብዙ ሰው አንዴ ከሠራለት አይመለስም።

መልስ 28 እስከ 30

የመልስ 2 ጸሐፊ እዚህ ላይ ብቅ አለ። ገና ከመጀመሪያው ተናግሬ ነበር በሚል፣ በሳቅ ምልክት አጅቦ። 29ኛው ክፉኛ መለሰለት። ሳይጠይቁ፣ ሳያዩ፣ ምክንያት ሳይሰጡ መናገር ግምት እንጂ ምርመራ አይደለም፣ እንዲህ የሚመክሩ ሰዎች ናቸው ሰው ደኅና ዕቃውን እንዲጥል የሚያደርጉት አለ።

30ኛው የእኔ ነው። ሰውየው ዕቃውን በትክክል ጠርቷል፣ ያንን መካድ አይቻልም። ጠያቂው ግን በዚያች መልስ ተነስቶ ምን ማድረግ ይችል ነበር? ራሙ ቢሆን ኖሮም መልሱ ያው ይሆን ነበር። ምክንያቱን ይጻፍልን አልኩ። ጻፈውም። ሰዎች አዲስ ማሽን ሲገጣጥሙ ከድሮው የሚያስተርፉት ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ፓወር ሰፕላይ ነው፣ ስለዚህ የተሰጠውን የማሽን ዕድሜ ለፓወር ሰፕላዩ አላምንም አለ። እሳት የሆነ ምክንያት ነው! መልስ 2 ላይ ቢጽፈው ኖሮ ሃያ መልስ በቀረልን።

መልስ 31 እስከ 34

ሊዘጋ ሲል አዲስ ሰው መጣ። የእሱም ሥራ ሲፈታ ይደርቃል፣ ክሩን አንብቦ ፓወር ሰፕላይ ቀይሯል፣ ለውጥ የለም። ጋሼ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት። ደርቆ ይቀራል ወይስ ይመለሳል? ይመለሳል፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ። ኢቬንት ቪወር ላይም 129 ቁጥር አለው፣ ዊንዶውስ መልስ የጠፋበትን ዲስክ ሪሴት ያደረገበት መዝገብ ነው። ሌላ ቤተሰብ ነው ማለት ነው።

33ኛው በዚህ አጋጣሚ የክሩሻል ኤም 4 ኤስኤስዲን ታሪክ አስታወሰ። በፈርምዌር፣ ዲስኩ ውስጥ ባለው ፕሮግራም፣ ስህተት የተነሳ ዲስኩ በጠቅላላው 5184 ሰዓት ከሠራ በኋላ መልስ መስጠት ያቆም ነበር። ኮምፒውተሩ ሪስታርት ሲደረግ ይመለሳል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና ይቆማል። በ2012 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የወጣ ፈርምዌር ፈታው። ስንቱ ሰው ራምና ማዘርቦርድ ቀይሮ ይሆን ብሎ ተገረመ።

አዲሱ ሰው ግን ያለው በሳታ ኬብል የተገናኘ ዲስክ ነው። ዲስኩ ስለ ጤንነቱ የሚይዘውን የስማርት መረጃ ሲያወጣ 199 ቁጥሩ፣ የኬብል ስህተቶችን የሚቆጥረው፣ ከፍ ብሎ ተገኘ። የዲስኩን የተበላሹና የተጠረጠሩ ቦታዎች የሚቆጥሩት 5 እና 197 ዜሮ ናቸው፣ ዲስኩ ራሱ ጤነኛ ይመስላል። ኬብሉን ቀየረ፣ መድረቁ ቆመ። ቁጥሩ ግን አልወረደም ብሎ ተጨነቀ። አወያዩ ክሩን ከመዝጋቱ በፊት መለሰለት። ይህ ቆጣሪ ወደ ኋላ አይመለስም። የዛሬውን ቁጥር ይመዝግብ፣ ከሳምንት በኋላ ጨምሮ ካገኘው አዲስ ክር ይክፈት።